ባቱ፦ በአስፋልቱና በደንበል መካከል

ባቱ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደንበል ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐይቁም ከተማዋም ለረጅም ዘመን የታወቁት ዝዋይ በሚለው ስም ነው። ዛሬም ረዳቱ መናኸሪያ ላይ ሲጣራ፣ ዓሣ ነጋዴው ሲደዋወል ሁለቱን ስሞች እያፈራረቀ ይጠቀማል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ካጣች ወዲህ የጀልባ፣ የመረብና የዳርቻ ኑሮ የሚታየው በተለይ በሐይቅ ዳር ከተሞች ነው። ከእነዚህም ባሕር ዳርና ሐዋሳ የክልል መቀመጫ ሆነው ገንነዋል። ባቱ ግን በስፋቷም በስሟም ከእነሱ ታንሳለች። ለአገሪቱ ገበያ የምታቀርበው ነገር ብዛት ከመጠኗ ጋር አይመጣጠንም፤ ዓሣ፣ ጽጌረዳ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና የወይን ጠጅ ከዚሁ አካባቢ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚጠጣው ከአንድ ሐይቅ ነው።

በቀድሞው መንገድ ከዱከም ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ቢሾፍቱን አልፎ ሞጆ ላይ ይደርሳል። እዚያ የአዳማውን መንገድ ትቶ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ሞጆ ኮንቴይነር የተደረደረበት ደረቅ ወደብ ያላት፣ መርከብ አይታ የማታውቅ የወደብ ከተማ ናት። ከዚያ ቆቃ፣ ዓለም ጤና እና መቂ ይከተላሉ። በዚህ መስመር ላይ ያሉት ከተሞች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው የተሠሩ ናቸው። ዱከም በሥጋ ቤቶቿና በኢንዱስትሪ ዞኗ፣ መቂ በአትክልት ደላሎቿ፣ ዓለም ጤና በመንገድ ዳር ንግዷ የሚኖሩት ከአላፊ አግዳሚው ነው። ባቱም ከዚህ ልማድ አልወጣችም። ሆቴሏ፣ ባንኳ፣ ነዳጅ ማደያዋና መናኸሪያዋ የተደረደሩት በሞያሌ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ሐይቁ ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ፣ ከፊላውና ከደንገሉ ጀርባ ተኝቷል። ደቡብ ለመድረስ የሚቸኩል ተሳፋሪ ከተማዋን ሳያስተውል፣ ሐይቁንም በጨረፍታ ብቻ አይቶ ያልፋል። በቢሾፍቱ የሆራና የባቦጋያ ዳርቻ በሆቴልና በመዝናኛ ሲታጠር፣ በባቱ ግን አብዛኛው ዳርቻ አሁንም የሸምበቆ፣ የከብትና የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው።

ሁለቱን ቦታዎች የለያያቸው የሐይቆቹ አፈጣጠርም ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቋጠሩ፣ ጠባብና ገደል ያላቸው ጥልቅ ውሃዎች ናቸው። ደንበል በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተዘረጋ ለጥ ያለ ውሃ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ሲገኝ ስፋቱ 430 ካሬ ኪሎ ሜትርን ያልፋል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 9 ሜትር፣ በአማካይ ደግሞ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ረጅም ሰው ቆሞ እጁን ሽቅብ ቢዘረጋ ከአማካዩ ጥልቀት ብዙም አያንስም። በዚህ ምክንያት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ እስከ ወለሉ ወርዶ ደለሉን ያማስለዋል፤ ውሃው ቡናማ መልክ የሚይዘውም ለዚህ ነው። ጀልባ ቀዛፊዎች ረጅም ጉዞ ካለባቸው በጠዋት መነሣትን የሚመርጡት ይህን ነፋስ ስለሚያውቁ ነው። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ የሚነሣ ማዕበል አጭርና ቁጡ ነው፤ ታንኳን በጎን ይመታል።

ሐይቁን የሚመግቡት ሁለት ወንዞች ናቸው። መቂ ከምዕራብ፣ ከጉራጌ ተራሮች ይመጣል፤ ከተር ከምሥራቅ፣ ከአርሲ ደጋ ይወርዳል። ትርፉን የሚያወጣው ቡልቡላ ሲሆን፣ ወደ ደቡብ ፈስሶ አቢጃታ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። የደንበል ውሃ ጣፋጭ የሆነው በዚህ መውጫ ምክንያት ነው። መውጫ የሌለው አቢጃታ ግን ፀሐይ ውሃውን ስታተንበት ጨዉ ይቀርበታል፤ ስለዚህም ሶዳ ሐይቅ ሆኗል። ከደንበል ላይ በዓመት የሚተነው ውሃ በላዩ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ከእጥፍ በላይ ነው። ጉድለቱን የሚሞሉት መቂና ከተር ናቸው። እንግዲህ የባቱ ዕጣ በባቱ ብቻ አይወሰንም። በቡታጅራ በኩል ያለ ገበሬ መቂን ወደ ማሳው ሲጠልፍ፣ በአርሲ በኩል ያለው ከተርን ሲገድብ፣ ውጤቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በባቱ ዳርቻ ይታያል።

ይህ ውሃ ድሮ ከዛሬው እጅግ ይሰፋ ነበር። ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናቡ በበረታበት ዘመን፣ ደንበል፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ትርፋቸው ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የዚያ ሐይቅ የዳርቻ ደለልና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ዛሬ እርሻ በሆነው ሜዳ ላይ ይገኛል። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው የገደሞታ ሸንተረር ደግሞ ከዚያም በብዙ የራቀ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ ፍሬድ ዌንዶርፍና ሮሙዋልድ ሺልድ የመሩት የቁፋሮ ቡድን እዚያ ከኦብሲዲያን የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን አወጣ። በኋላ በተደረገው የዕድሜ ልኬታ አንዳንዶቹ ከ270 ሺሕ ዓመት በላይ መሆናቸው ታወቀ። ከእነዚህ መካከል የሚወረወር ጦር ጫፍ ሆነው ያገለገሉ እንዳሉበት ተመራማሪዎች በ2006 ዓ.ም. አሳትመዋል። ጥቁሩ የመስታወት ድንጋይ ዛሬም በሸንተረሩ ላይ ከእግር ሥር ያብለጨልጫል። አብዛኛው የባቱ ነዋሪ ግን ስለዚህ ቦታ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም፤ መንገድ የሚያመለክት ሰሌዳም ቢሆን በዓለም ዙሪያ ከሚጠቀስበት የምርምር ጽሑፍ ብዛት ጋር የሚመጣጠን አይደለም።

ከሐይቁ ላይ ብቅ ብለው የሚታዩት ደሴቶች አምስት ናቸው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ። ትልቁና ከፍ ያለው ቱሉ ጉዶ ነው፤ ካህናቱ ደብረ ጽዮን ይሉታል። የደሴቶቹ ነባር ሕዝብ ዛይ ይባላል። ቋንቋቸው ዛይኛ ከኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወላንኛና ሐረሪኛ ናቸው። እምነታቸው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። ዙሪያቸውን የከበባቸው ውሃ፣ ከውሃው ማዶ ደግሞ የአርሲ ኦሮሞ አገር ስለነበር፣ ለዘመናት ከሌላው የክርስቲያን አገር ተነጥለው ኖረዋል። ለመቶዎች ዓመታት ሃይማኖታቸውን በጽሑፍም በቃልም ጠብቀው መቆየታቸው ለታሪክ ጸሐፊዎች ሁልጊዜ የሚያስገርም ነው።

ስለ አመጣጣቸው ራሳቸው የሚናገሩት ታሪክ አንድ ወጥ አይደለም። የደሴቱ የጽዮን ማርያም ካህናት እንደሚተርኩት፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የሸሹ ካህናት ቱሉ ጉዶ ደርሰው፣ ታቦቱም 70 ዓመት እዚያ ቆይቶ ወደ አክሱም ተመልሷል። ሌላው ትረካ በዐምደ ጽዮን ዘመን ከሰሜን ስለመጡ ሰዎች ያወሳል። ሦስተኛው በግራኝ ጦርነት ጊዜ ከየአቅጣጫው ስለተጠለሉ ስደተኞች ይናገራል። ቋንቋው ግን ሌላ ነገር ይጠቁማል፤ ከሐረሪኛና ከስልጥኛ ጋር ያለው ዝምድና የሕዝቡ ዋና ግንድ ከደቡብና ከምሥራቅ በኩል የመጣ መሆኑን ያሳያል። ይበልጥ የሚያስኬደው ደሴቶቹ በተለያየ ዘመን የተለያዩ ስደተኞችን ተቀብለዋል ማለት ነው። በውሃ የታጠረ ቦታ፣ ጦር በመጣ ቁጥር፣ መሸሸጊያ መሆኑ አይቀርም። በቱሉ ጉዶ ቤተ ክርስቲያን ያሉት የብራና መጻሕፍት የዚያ መሸሸግ ምስክሮች ናቸው።

አጼ ምኒልክ አርሲን በ1870ዎቹ ማብቂያ ላይ ሲይዙ የደሴቶቹ መነጠል አበቃ። ቀስ በቀስ ዛዮቹ ወደ ሐይቁ ዳርቻ እየወጡ እርሻ ያዙ፤ ቦቸሳ፣ ሄረራና መቂ ዙሪያ ሰፈሩ። ደሴት ላይ መሬት ጠባብ ነው። ቱሉ ጉዶ ላይ ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ የቆረጡት የድንጋይ እርከኖች የሚያሳዩት አንዲት ስንዝር መሬት ሳይባክን ለማረስ የተደረገውን ትግል ነው። በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ ጥጥ ይፈተላል፤ ሸማ ይሠራል። ዳርቻ ላይ የሰፈሩት ልጆች ኦሮምኛ እያወሩ፣ በኦሮምኛ እየተማሩ ያድጋሉ። ዛይኛ የሚናገረው ሰው ቁጥር በጥቂት ሺሕ የሚቆጠር ሲሆን፣ ቋንቋው ጠንክሮ የሚሰማው ደሴቶቹ ላይ ነው። በገሊላና በደብረ ሲና የሚኖረው ሰው ጥቂት ነው፤ ኑሮ ደመቅ የሚለው በቱሉ ጉዶ፣ በጸደቻና በፉንዱሮ ነው። ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ሲደርስ ግን በባቱ የጀልባ መነሻ ምእመናን ይበዛሉ፤ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እናቶች ሕፃናት አዝለው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ደሴቱ ይሻገራሉ።

ከተማዋ ራሷ ከደሴቶቹ ጋር ስትነጻጸር ትናንት የተወለደች ናት። የፈጠራት መንገድ ነው። ወደ ሻሸመኔና ሞያሌ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ለሾፌሮች ማረፊያ፣ ለከብት ነጋዴ መገናኛ ሆነች። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ የሆቴሎች ሰንሰለት የዘረጉት በቀለ ሞላ በዝዋይም ሆቴል ነበራቸው። በደርግ ዘመን የመንግሥት የእርሻ ልማት በሐይቁ ዳር ተስፋፋ፤ ከየአካባቢው የቀን ሠራተኛ መጣ። በዚያው ዘመን የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ የካህናት ማሠልጠኛና የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ። ሶሻሊዝም በሚሰበክበት አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክረምት ክረምት እዚያ እየሄዱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይማሩ ነበር፤ ኋላ ማኅበረ ቅዱሳንን ካቋቋሙት መካከል የዚያ ጉባኤ ልጆች ይገኙበታል። አቡኑ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። የካቶሊክ ዶን ቦስኮ ማኅበርም በከተማዋ የሙያ ትምህርት ቤት አለው። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ግን ዝዋይ የሚለው ስም መጀመሪያ የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነው። ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች የታሰሩበት በመሆኑ፣ ቤተሰብ ስንቅ ይዞ ከአዲስ አበባ የሚመላለስበት መንገድ ሆኖ ኖሯል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ ከ43 ሺሕ በላይ ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ የአበባ እርሻው የጠራው የሰው ኃይል ከተማዋን እጅግ አስፍቷታል። ዙሪያዋን ያለው ገጠር የአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ ሲሆን፣ ነባሩ ሕዝብ በአብዛኛው ከብት ያረባ የነበረ፣ ዛሬ ግን ቀስ በቀስ ወደ እርሻ የገባ የአርሲ ኦሮሞ ነው። በከተማዋ ውስጥ ኦሮሞ፣ ጉራጌ፣ ስልጤ፣ አማራ፣ ዛይ፣ ወላይታ፣ ከምባታና ሀዲያ ጎን ለጎን ይኖራል። የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ ገበያው ላይ አማርኛም እኩል ይሰማል። ጠዋት የመስጊድ አዛን፣ የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴና የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይደባለቃል። ጋሪ በባቱ ገና አልጠፋም። ባጃጅ በየጥጋጥጉ ቢገባም ሽንኩርት ጭኖ ከማሳ የሚወጣውን፣ እናቶችን ከገበያ የሚመልሰውን ጋሪ አልተካውም። ይህ አብሮ መኖር ያልተናጋበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይቻልም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት በተነሣው ሁከት በከተማዋ ንብረት ወድሟል፤ የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሆቴልም ጉዳት ከደረሰባቸው አንዱ ነበር።

የባቱን ኑሮ በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው ማለዳ ወደ ጀልባ መነሻው ይወርዳል። ሌሊቱን የተዘረጋውን መረብ ያነሡ ጀልባዎች አንድ በአንድ ይጠጋሉ። ዓሣ አስጋሪዎቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው የተጠላለፈውን ክር ከዓሣው ስንጥብ በጣታቸው ይፈታሉ፤ ችኮላ መረቡን ይቀዳል። ዳር ላይ ቢላ የያዙ ጎረምሶች አጎንብሰዋል። ቆሮሶውን ከጭራው ይዘው ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ከአንገቱ ሥር ይሰነጥቁታል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ በሁለት ስለት ይገፉታል። አንዱን ዓሣ ለመጨረስ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። የተረፈውን ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ወደ ኋላ ሲወረውሩ አባ ኮዳ ይቀበላል። መላጣ ራስ፣ ረጅም ምንቃርና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ከረጢት ያለው ይህ ትልቅ ወፍ ከሰው አንድ ክንድ ርቆ እንደ ተረኛ ዘብ ቆሞ ይጠብቃል፤ ፔሊካኖቹ ደግሞ ውሃው ላይ እየተንሳፈፉ ድርሻቸውን ይሻማሉ። በበረዶ የታሸገው ዓሣ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከዚያው አጠገብ የተደረደሩት ዳሶች በቆርቆሮ ምጣድ ላይ ዘይት እያፈሉ ሙሉውን ዓሣ ይጠብሳሉ፤ በዳጣና በሎሚ ይበላል። በሁዳዴ ጊዜ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

ከመረቡ የሚወጣው ዓሣ ዓይነት በሁለት ትውልድ ተለውጧል። ድሮ ደንበል የቆሮሶ ሐይቅ ነበር፤ ብልጫም ይገኝበታል። አምባዛና ካርፕ ግን በሰው እጅ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው። ዛሬ ከሚያዘው ብዙውን ድርሻ እነዚህ ሁለቱ ይዘዋል፣ ቆሮሶው ግን በቁጥርም በግዝፈትም ቀንሷል። ምክንያቱን ለመረዳት የቆሮሶን እርባታ ማወቅ ይበቃል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው፣ ፊላ በበቀለበት ዳርቻ ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ ወንዱ ካዳቀለው በኋላ በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች፤ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩም በአፏ ትሸከማለች። እንግዲህ ፊላው ሲታጨድ፣ ዳርቻው ለሽንኩርት ሲታረስ፣ ዓይነ ጠባብ መረብ ወለሉን ሲጠርግ የሚጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ አፏ ውስጥ ያለው ዘርም ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በባቱም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ ዓሣ አስጋሪዎችም በማኅበር ተደራጅተዋል። ማኅበሩ ውስጥ የሌለ፣ በሌሊት ወጥቶ በሌሊት የሚመለስ ሰው ግን ሕጉን የሚያየው ሲያዝ ብቻ ነው። ሥራ አጥ ወጣት በበዛበት ከተማ አንድ መረብ ገዝቶ ወደ ውሃ መግባት ደግሞ ከሁሉም ሥራ ይቀላል።

ከከተማዋ ጥግ ጀምሮ የተዘረጋው ነጭ ላስቲክ ሌላ ዓለም ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ሼር ኢትዮጵያ የተባለው የኔዘርላንድ ባለሀብቶች ድርጅት እዚህ የጽጌረዳ እርሻ ጀመረ። እርሻው በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የጽጌረዳ እርሻዎች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ሠራተኞቹም ከአሥር ሺሕ በላይ ደረሱ። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከወላይታ፣ ከሀዲያ፣ ከአርሲ ገጠር የመጣች ልጅ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ግሪን ሃውሱ ትገባለች፤ የተቆረጠው አበባ ተመርጦ፣ ታስሮ፣ በቀዝቃዛ መኪና ወደ ቦሌ ሄዶ በአውሮፕላን ወደ ኔዘርላንድ ይጫናል። ዛሬ የተቆረጠ ጽጌረዳ በጥቂት ቀን ውስጥ አውሮፓ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ድርጅቱ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሠርቷል፤ የከተማዋ ኪራይ ቤት፣ ምግብ ቤትና ልብስ ሻጭም የሚንቀሳቀሰው በሠራተኞቹ ደመወዝ ነው። የደመወዙ ማነስና የኬሚካሉ ጉዳይ ግን እርሻው ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሲያነጋግር ኖሯል። የአበባው ውሃ ከሐይቁ ይቀዳል። ከእርሻው የሚወጣው ማዳበሪያና ጸረ ተባይ የቀላቀለ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ዓሣ አስጋሪዎቹ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ያው ውሃ ይጠጣል።

ከአበባው ቀጥሎ የመጣው ወይን ነው። የቢራ አምራቹን ቢ.ጂ.አይ.ን የሚያስተዳድረው የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን በዝዋይ የፈረንሳይ የወይን ዝርያዎችን ተክሎ በ2006 ዓ.ም. ገደማ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉትን የወይን ጠጆች ለገበያ አቀረበ። አሸዋማ አፈሩና ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዘው አየር ለወይን ይስማማል። በሌላው ዓለም የወይን ገበሬ የሚፈራው በረዶና ፈንገስ ሲሆን፣ እዚህ ግን ቦታው ዙሪያውን ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ታጥሯል፤ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባ። በደንበል ጉማሬ አሁንም አለ። ማታ ማታ ከውሃው ወጥቶ ሣር ሲግጥ ቀጤማውም የገበሬው ጎመንም ለእሱ አንድ ነው፤ ስለዚህም በዳርቻው ያለ የሽንኩርት ጠባቂ ሌሊቱን እሳት አንድዶ ያድራል።

ከትልልቆቹ ይልቅ ግን በሐይቁ ላይ የበረታው የትንንሾቹ ድምር ሳይሆን አይቀርም። ከመቂ እስከ አዳሚ ቱሉ፣ ከዚያም ማዶ በአርሲ በኩል በዝዋይ ዱግዳ፣ ዳርቻው በሺዎች በሚቆጠሩ የናፍጣ ሞተሮች ይንጎደጎዳል። አሠራሩ የታወቀ ነው። መሬት ያለው ገበሬ መሬቱን ያቀርባል፤ ከከተማ የመጣው ባለ ገንዘብ ሞተር፣ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ይመጣል፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ፣ ወይም በኪራይ ይዋዋላሉ። ቲማቲም በእንጨት ሣጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ ተሞልቶ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ይሄዳል። ዋጋውን የሚቆርጠው መቂ ላይ ያለው ደላላ ነው። በአንድ ሳምንት ዋጋው ሲወድቅ ገበሬው የበሰለ ቲማቲሙን ሳይለቅም ለከብት ይለቀዋል፣ ለማጓጓዣ የሚያወጣው ከሚያገኘው ስለሚበልጥ። የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ይህን የደላላ ሰንሰለት ለመበጠስ የተቋቋመ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልበጠሰውም። ሞተሩ ውሃ ሲስብ ማንም ቆጥሮ አያውቅም፤ ቆጣሪ የተገጠመለት እንደ አበባው ያለው ትልቁ ተጠቃሚ ስለሆነ፣ በክርክር ጊዜ ጣት የሚቀሰረውም ወደ እሱ ነው።

ለሚጠጣ ውሃ አካባቢው የራሱ ችግር አለው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚህ አካባቢ ከዚያ በብዙ የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። ልጅ ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት ይህን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ በልዞ ይወጣል፤ ለዓመታት ከጠጣው አጥንቱም ይጎዳል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። በዚህ መስመር ባሉ ገጠሮች የበለዘ ጥርስ ያላቸው ሰዎች ማየት የተለመደ ነው። የሐይቁ ውሃ ፍሎራይዱ ከብዙዎቹ ጉድጓዶች ያነሰ ስለሆነ፣ ቢደፈርስም ለማጣራት የሚሻለው እሱ ነው። ስለዚህ ሐይቁን መጠበቅ ለባቱ የቱሪዝም ወይም የዓሣ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ሌላ አማራጭ ጉድጓድ ቢቆፈርም ያው ፍሎራይድ ነው የሚወጣው።

ይህን ጥበቃ የሚያከብደው አስተዳደሩ ነው። የባቱ ከተማ አስተዳደር የሚያዝዘው በከተማዋ ወሰን ውስጥ ባለው መሬት ላይ ብቻ ነው። ሐይቁ የዱግዳ፣ የአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻና የዝዋይ ዱግዳ ወረዳዎች የጋራ ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ በአርሲ ዞን ሥር ነው። ከወንዞቹም መቂ ከሌላ ክልል ይነሣል። የተፋሰስ ጉዳይ ለፌዴራል መንግሥት፣ የመሬት ጉዳይ ለክልሉ ነው። እምቦጭ ዳርቻውን መሸፈን ሲጀምር በወጣት ጉልበት ተነቅሎ ይወጣል፤ ከተነቀለበት ዳር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ወረዳ ግን ይበቅላል፣ ነፋስም ይዞት ይመጣል። ከተማዋ ዳርቻዋን ብታጸዳ፣ መረቧን ብትቆጣጠር፣ ፊላዋን ብትጠብቅ እንኳ በሌላው በኩል ያለው ካልተባበራት ልፋቷ ግማሽ ነው። ፊላው ራሱ ለዓሣ መራቢያ፣ ለደለል መያዣ፣ ለቤት ክዳን የሚሆን ሲሆን፣ በየዓመቱ ሐይቁ ሲሸሽ የሚለቀቀውን እርጥብ መሬት ተከትሎ ማሳ ይገፋዋል። ሐይቁ ሲመለስ ማሳው ይሰምጣል፤ የተረጨው ኬሚካልም አብሮ ይሰምጣል።

ደንበል ሲቀንስ መጀመሪያ የሚታወቀው በባቱ አይደለም። ለቡልቡላ የሚተርፈው ከሐይቁ መውጫ ከፍታ በላይ ያለው ውሃ ብቻ ነው፤ የሐይቁ ፊት ጥቂት ዝቅ ሲል ወንዙ ይሳሳል። ቡልቡላ ሲሳሳ በበጋ ከብቱን የሚያጠጣው የወንዝ ዳር አርብቶ አደር ይቸገራል፣ አቢጃታም ይሸሻል። አቢጃታ ላይ የሶዳ አሽ ፋብሪካ የራሱን ውሃ ሲወስድ፣ ከላይ የሚመጣው ደግሞ ሲቀንስ፣ ሐይቁ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ እጅግ ጠብቧል። በአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ድሮ የውሃው ጠርዝ ከነበረበት ቦታ ዛሬ ወደ ዳርቻው ለመድረስ ነጭ የጨው ጭቃ እየረገጡ ረጅም መንገድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ዓሣ ስለጠፋ ፔሊካኑ ሌሎች ሐይቆች ላይ ይመገባል። ከእነዚህ መመገቢያዎች አንዱ ደንበል ነው።